ከሽማግሌው ጆሮ ጀርባ የነቀልኩት መዥገር

ባለፈው እሁድ ሽማግሌ ተልኮብኝ ነበር። ወግ ነውና እኔ ጓዳ ገብቼ በመጋረጃው ክፍተት አያለሁ... ሦስት ሽማግሌዎች ሳሎናችን መሀል ቆመዋል። አባቴ «ተቀመጡ» ቢላቸው፣ ደጋግሞ ቢለምናቸው፣ «መጀመሪያ ጉዳያችን» ብለው እምቢ አሉ።

የላካቸው ገዛኸኝ ነው። ጎባ አስተማሪ ነው፣ ሁለት ዓመት አብረን ቆይተናል፣ እወደዋለሁ። ይሄን ቀድሜ ልናገር፣ ኋላ ጨካኝ እንዳትሉኝ።

እኔ እዚሁ ሮቤ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ሥራዬ መዥገር ነው። ከላም፣ ከበግ፣ ከፍየል ላይ እሰበስባለሁ፣ በማጉያ አይቼ ዓይነቱን እለያለሁ፣ የትኛው ምን በሽታ ይዞ እንደሚዞር እመዘግባለሁ። በጎቹን እከክ የምታሲዘውን፣ በዓይን የማትታየውንም ተባይ እንደዚሁ። እናቴ ግን ለጎረቤት «ላቦራቶሪ ነው የምትሠራው» ብላ እዚያው ላይ ታቆማለች። ሰፈሩ በሙሉ የሰው ደም የምመረምር ነው የሚመስለው።

ዋናው ሽማግሌ የገዛኸኝ አጎት አቶ ለማ ናቸው። ከጎባ ወጣ ብለው ያርሳሉ፣ ከብትም አላቸው። «ልጃችሁን ለልጃችን» የሚለውን አሳምረው ጨረሱና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንዲት ነገር አለች... ልጅቷን ገሰራ ገበያ ላም ጡት ሥር ተንበርክካ ስልሚ ስትለቅም ያዩ ሰዎች አሉ። መዥገር! ለቤተሰባችን ነውር ነው። ከሠርጉ በኋላ ይሄን ሥራ ትተዋለች።»

አባቴ ጋቢውን አስተካከለ። እናቴ ግን ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ «እሱስ ችግር የለውም» አለች።

በቃ... ያን ሁሉ ዓመት የተማርኩት፣ በጭቃ የተመላለስኩት በሦስት ቃል አለቀ። ደሜ ፈላ። ዛሬ ዝም ካልኩማ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል እንደሚባለው ነው።

እንዲህ ስንጨረጨር አቶ ለማ ጆሯቸውን ያካሉ። አሁንም ያካሉ። ጎናቸውን ወደ ጓዳው ሰጥተው ስለቆሙ ልብ ብዬ አየሁ... ከጆሯቸው ጀርባ ሽምብራ የምታህል ነገር ተለጥፋለች። ሥራዬ ነው፣ ከሩቅም አውቃታለሁ።

የሥራ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። ሽማግሌ ቆሞ ልጅቷ አትወጣም... ወጣሁ። እናቴ «በስመ አብ!» አለች።

«ጋሼ ለማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና መዥገር ይዞዎታል።»

«እኔን?!» እጃቸው ወደ ጆሯቸው ሮጠ። አንደኛው ሽማግሌ «ክብሪት አምጡ፣ በእሳት ጠበስ ሲያደርጉት ይለቃል» አሉ።

«እሳት እንዳታስጠጉ! ሲቃጠል የሆዱን ሁሉ እርስዎ ውስጥ ነው የሚተፋው። ቁጭ ይበሉ።»

ቁጭ አሉ። አባቴ ለምኗቸው ያልተቀመጡት ሰውዬ እኔ አንዴ ስላቸው ተቀመጡ።

በወረንጦ ከቆዳቸው ጥግ ይዤ ቀጥ አድርጌ ሳብኩት። አፉ ሳይቀር ወጣ። ማጉያዬን አውጥቼ አየሁት፤ ጀርባው ቀለም የተቀባ ይመስላል።

«ይሄ የጎባ ብርድ የሚስማማው ዓይነት አይደለም። ሰሞኑን ቆላ ወርደው ነበር?»

«ያ ዋቅ፣ አምላኬ! ከብቶቹን ከሃረና ያመጣሁት ረቡዕ ነው። ማን ነገረሽ?»

«መዥገሩ ነዋ። የላሞቹ ጡትስ ደህና ነው?»

ጓደኞቻቸውን ዞር ብለው አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። የሚያልቧት ላም ሁለት ጡቷ አብጦ ወተት እምቢ ብሏል። መዥገሩን በእጃቸው እየቦጨቁ ነቅለዋል። ያላለቀውን ደግሞ...

«ከስንዴው የተረፈ የአረም መድኃኒት ነበረኝ፣ ረጨኋት። አረሙን የፈጀ መዥገር ያቅተዋል?»

የባሌ ገበሬ በአረም መድኃኒት ላይ ያለውን እምነት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እኔ ግን ሰውዬው እኔን ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌ መሆናቸውን ረሳሁት።

«የቀሩትን ሁለት ጡቶች ወተት ማን ነው የሚጠጣው?»

«... የልጅ ልጆቼ።»

«እንዳይጠጡ! ይደፋ! አሁኑኑ ይደውሉ!»

ወዲያው ደወሉ። «አናን ኢጆሌፍ ሂንኬኒና! ለልጆቹ ወተት እንዳትሰጡ!» እያሉ ጮሁ። ስልኩን ዘጉ።

«ኢንተላ ኮ» አሉ አንገታቸውን ደፍተው፣ «ልጄ፣ ነገ መጥተሽ ብታያትልኝ...»

«ሥራዬን ትቼ የማገባው ባል የለም» አልኩ። «ላሟን ግን ነገ ጠዋት መጥቼ አያታለሁ፣ እሷ ምን አጠፋች።»

አባቴ የተናገረው ያን ጊዜ ነው። «ሰምታችኋል» አለ። ሌላ አልጨመረም። አባቴን እንደዚያን ቀን ወድጄው አላውቅም።

ሲሄዱ ለገዛኸኝ ደወልኩ። «ሥራዋን ትተዋለች በሉ ያልካቸው አንተ ነህ?»

«እኔ አላልኩም።»

«እንዳይሉስ ነግረሃቸዋል?»

«እሱማ...» ብሎ ጀመረ። ዘጋሁት። አለቀስኩ፣ አልዋሽም... ግን አልተጸጸትኩም።

ሰኞ ሄድኩ። ላሟን በሳሙና ሙልጭ አድርገን አጠብናት፣ ትክክለኛውን መድኃኒትም አገኘች። አንደኛው ጡት አይመለስም፣ ሌላው ተስፋ አለው። ልጆቹ ደህና ናቸው። ልወጣ ስል የጎረቤት ሴቶች ላሞቻቸውን እየጎተቱ በሩ ላይ ተሰልፈዋል። የቻልኩትን አየሁ፣ ለቀሩት ቀጠሮ ሰጠሁ።

ዛሬ ሽማግሌዎቹ «ለመጪው እሁድ እንምጣ» ብለው ልከዋል፣ ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ። ገዛኸኝም ይቅርታ ሊል ራሱ አብሮ ይመጣል አሉ።

እሁድ አይመቸኝም አልኳቸው... ጎባ ሰባት ላም ይጠብቀኛል።