ቀዩ ማን ነው?

ከአውሮፕላን ወርጄ ጥገኝነት እጠይቃለሁ ባልኩ በስድስተኛው ሰዓት አሌክሳንድሪያ በምትባል የአሜሪካ ከተማ እስረኛ ሆንኩ። እስር ቤት ለእኔ አዲስ አልነበረም፤ አገር ቤት በፖለቲካ ዓመት ከሁለት ወር ተቀምጬበታለሁ። የዚህኛው ግን ንጽሕናው አስፈራኝ። ወለሉ ፊት ያሳያል፤ ግድግዳው ላይ አንድም ስም አልተጫረም። ሽንት ቤቱ ብረት ነው፣ ከአልጋዬ አንድ ክንድ ይርቃል። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ ከታችኛው አልጋ አንድ ድምፅ በአማርኛ «እንኳን ደህና መጣህ ልልህ ነበር፤ ቦታው አይመችም» አለኝ።

ስልሳን ያለፉ የሥዕል መምህር ነበሩ። ጋሼ አልኳቸው። በወጣትነታቸው ሩስያ ተምረዋል። እዚያ ሳሉ አንድ አረጋዊ አስተማሪያቸው በር ዘግተው፣ መሳቢያ ውስጥ የደበቋቸውን ፎቶግራፎች አሳይተዋቸዋል፤ በአብዮቱ ዋዜማ ግድም የተሣሉ፣ በኋላ መንግሥት ምድር ቤት የቆለፈባቸው ሥዕሎች። ዛፍ የለባቸው፣ ፊት የለባቸው። ጥቁር አራት ማዕዘን፣ ያዘመመ ቀይ፣ የቀረው ባዶ ነጭ።

«እስከዚያ ቀን ቀለም የሌላ ነገር አሽከር ነበር» አሉኝ። «እነዚያ ሰዎች ነፃ አወጡት።»

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነበርኩ፤ አልገባኝም። ጣት በማታህል እርሳስ፣ በአሮጌ ቅጽ ጀርባ ላይ የምግብ ትሪያችንን ከላይም ከጎንም በአንድ ጊዜ ሣሉልኝ። «ጋሼ፣ ይሄማ መኪና የሄደበት ሳጥን ነው» ስላቸው ሳቁ። ፓሪስ ውስጥ መጀመሪያ እንዲህ በሣሉት ሰዎችም ተስቆባቸው ነበር አሉኝ።

አገር ቤት ያሳሰራቸው እንዲህ ያለ ሥዕል ነው። ለኤግዚቢሽን በሰቀሉት ሸራ ላይ አንድ ያዘመመ ቀይ፣ ከሥሩም ሁለት ጥቁር አራት ማዕዘኖች ነበሩ። መርማሪዎቹ አምስት ወር ሙሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቋቸው፤ ቀዩ ማን ነው? ጥቁሮቹስ? እሳቸው «ቀዩ ቀይ ነው» ባሉ ቁጥር ውስጥ እግራቸውን ይገርፏቸዋል። ሲተኙ የተረከዛቸውን ጠባሳ አይቻለሁ።

የጥገኝነት ኢንተርቪዋቸው ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። ካላለፉ ይመልሷቸዋል፤ ማን እጅ እንደሚመልሷቸው ሁለታችንም እናውቃለን። ጥገኝነት የሚጠይቅ አበሻ ደግሞ ከጠበቃ በፊት የሚሰማው ምክር አለ። እዚያው አቅራቢያ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ገና በመጀመሪያው ስልክ «ኬዝህ ስትሮንግ ካልሆነ ሪጀክት ያደርጉሃል። ትንሽ ጨምርበት፣ ማንም ቼክ አያደርግም» ብሎኛል። ያንኑ ለጋሼ አቀበልኩ።

«ቀዩ የሕዝብ ደም ነው ይበሉ። ጥቁሮቹ መንግሥትና ደኅንነቱ። አለቀ!»

ትሪውን የሣሉበትን ወረቀት አጣጥፈው ትራሳቸው ሥር ከተቱ።

«ጋሼ፣ የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለም?»

«ልጄ፣ እነዚያ የገረፉኝ ይህን ቃል ፈልገው እኮ ነው» አሉኝ። «ያኔ በዱላ ያልሰጠሁትን ዛሬ ስለለመንከኝ ልስጥ? እንዲያ ካልኩ፣ ልክ ነበሩ ማለት ነው።»

ተናደድኩባቸው። ግትር ሽማግሌ ናቸው ብዬ እስከ ምሳ አላናገርኳቸውም።

ከኢንተርቪው ሲመለሱ አልጋቸው ጫፍ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። ኦፊሰሯ ቀዩ ምን እንደሚወክል ጠይቃቸዋለች፤ ቀይ ነው ብለዋታል። አስተርጓሚው በስልክ የገባ አበሻ ነበር። መተርጎሙን ትቶ በአማርኛ «አባባ፣ ይሄ መልስ አይጠቅምዎትም። ሌላ ትርጉም የለውም?» አላቸው።

«የለውም አልኩት። እንዳልኩት ተረጎመው። ጨዋ ልጅ ነው» አሉኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ወረቀቱ መጣ። እንግሊዝኛቸው ደካማ ስለነበር እኔ አነበብኩላቸው። ከራሳቸው ቃል እንደተረዳነው ሥዕሉ ምንም ዓይነት የፖለቲካ አቋም አይገልጽም፤ ስለዚህ ጥያቄው ተቀባይነት የለውም ይላል።

«እስቲ ድገመው» አሉኝ።

ደገምኩት። ወረቀቱን ተቀብለው ጉልበታቸው ላይ አስተካክለው ዘረጉት።

«ይኸው፣ አንድ ባለሥልጣን አመነኝ» አሉ።

ዳኛውም ውሳኔውን አጸና። የወሰዷቸው ጠዋት ጠባቂው በር ላይ ቆሞ ሲያጣድፋቸው ፊታቸውን ታጠቡ፣ ብርድ ልብሳቸውን አጣጥፈው አስቀመጡ፣ እጄን ጨበጡ። አልቸኮሉም። ከዚያ ወዲህ ወሬያቸውን ከአገር ቤት የመጣውን ሰው ሁሉ ጠይቄያለሁ፤ የሚያውቅ አላገኘሁም።

እኔ ተፈቅዶልኝ ወጣሁ፤ ዛሬ እዚያው አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ የሚባል ሰፈር ነው የምኖረው። ኬዜ ውስጥ ሦስት ቀን ቁልቁል ተሰቅያለሁ የሚል አንድ መስመር አለ። የተሰቀልኩት አንድ ቀን ነው። አንዱም ይበቃ ነበር፤ የጨመርኳቸው ሁለት ቀናት ከእውነተኛው ይልቅ ያሙኛል። ዜግነት ስጠይቅ የገጠመችኝ ኦፊሰር፣ ለአሜሪካ መንግሥት ሐሰት ተናግሬ አውቅ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጋሼ ፊቴ ድቅን አሉ።

«ኖ» አልኳት።

ፈገግ ብላ «ኮንግራጁሌሽንስ» አለችኝ።