ጋሼ፣ ሞልቷል

ሰው እምቢ ሲለኝ አልወድም። ይህን ጠባዬን ለማመን ስድሳ ስድስት ዓመትና አንድ የተሰበረ ጭን ፈጅቶብኛል።

ንፋስ መውጫ ውስጥ ዕድሜዬን በአንደኛ ደረጃ መምህርነት ጨረስኩ። ጡረታ ስወጣ ደግሞ ሥራዬ ሽምግልና ሆነ። ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ጎረቤት በድንበር ሲካሰስ፣ ልጁን የሚድር ሰው ሲኖር የምጠራው እኔ ነኝ። ምላሴ እንደምትሠራ ሰው ይመሰክርልኛል፤ እኔም አላስተባብልም። ለምኜ ያጣሁት ነገር ትንሽ ነው። የከተማው እኩሌታ ተማሪዬ ስለነበረ ብዙውን ጊዜ መለመንም አያስፈልገኝም።

አንድ ቀን የሁለተኛ ደረጃ መምህርት የሆነች ወጣት ቤቴ ድረስ መጣች። የትምህርት ቤቱን የመንገድ ደህንነት ክበብ የምትመራው እሷ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት ወደ አርብ ገበያ ሲሄድ ከተገለበጠው ሚኒባስ እንደተረፍኩ ሰምታለች። ልጆቹ ያለ መንጃ ፈቃድ ባጃጅ ይይዛሉ፣ አንድ ሞተር ላይ ሦስት ሆነው ይወጣሉ፣ የእኛ ምክር ሰልችቷቸዋል፣ ምናልባት የደረሰበት ሰው ቢነግራቸው ይሰማሉ አለችኝ። እኔ ደግሞ ተናገር ከተባልኩ ሁለተኛ አልጠየቅም። እሺ አልኳት።

ንግግሬን ሁለት ቀን ተቀምጬ ጻፍኩ። ስለ ፍሬን ነበር። አንድ መካኒክ ጠይቄ ፍሬን ለምን እንደሚግል፣ ቁልቁለት ላይ ማርሽ እንዴት እንደሚቀነስ፣ ከመነሳት በፊት ምን ምን እንደሚታይ በደንብ አድርጌ አሰፈርኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ለጠየቀኝ ሰው ሁሉ የምመልሰውም ይህንኑ ነበር። ፍሬኑ እምቢ አለ፣ እግዚአብሔር አተረፈን እላለሁ። ውሸት አልነበረም። ፍሬኑ እምቢ ብሏል። ለምን እምቢ እንዳለ ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

አዳራሹ ገብቼ ወረቀቴን ዘርግቼ፣ መነጽሬን አድርጌ ቀና ስል ሁለተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ልጅ አየሁ። ማንነቷን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ያንን ሰፊ ግንባር አባቷ ላይ አውቀዋለሁ፤ በሰባት ዓመቱ ከፊቴ ተቀምጦ ፊደል ቆጥሯል። ያን ዕለት ሚኒባሱን የነዳውም እሱ ነበር።

አባቷ ከእስር ከተፈታ በኋላ መንጃ ፈቃዱ ስለታገደ ወፍጮ ቤት ተቀጠረ። እኔም እህሌን ሌላ ወፍጮ ቤት ማስፈጨት ጀመርኩ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ እሱ በዋናው በር እንደሚገባ ስለማውቅ በምሥራቁ በር እዞራለሁ። ያንን ሁሉ ዙሪያ በዚህ እግሬ። አሁን ልጁ ደብተር ዘርግታ፣ እስክሪብቶ ይዛ፣ ስለ አባቷ ፍሬን ልትጽፍ ትጠብቀኛለች። የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩ። ሁለተኛውን ተውኩት። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩና እውነቱን ነገርኳቸው።

ያን ዕለት ሦስት ሽማግሌዎች ሆነን ለጎረቤታችን ልጅ ሚስት ልንጠይቅ ወደ አርብ ገበያ እንሄድ ነበር። ቀኑ ዓርብ ስለሆነ ገበያተኛው በዝቷል። መናኸሪያ ስንደርስ ሚኒባሱ ሞልቶ ሊነሳ ነው። ሹፌሩ እኔን ሲያይ ወረደ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ጋሼ፣ ሞልቷል። ቀጣዩ አሁን ይመጣል» አለኝ።

ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። ሽማግሌ ሆኜ፣ ነጭ ጋቢ ለብሼ፣ ሁለት ጓደኞቼን አስከትዬ በተማሪዬ እምቢ ተባልኩ። «ፊደል ያስቆጠርኩህ እኔ አይደለሁም? ዛሬ ለኔ ቦታ አጣህ?» አልኩት፤ ተሳፋሪው እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ተሳፋሪው ሳቀ። እሱ አንገቱን ደፋና በሩን ከፈተው። ሦስታችን ገባን። እኛ ስንገባ ያዩ ሁለት ሴቶችም ለእነሱ ከተከፈተ ለእኛ የምን ከልካይ ነው ብለው ከነጓዛቸው ተከተሉን።

ከከተማው መውጫ ላይ ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። ቆጠረን፣ ትርፍ የሆናችሁ ውረዱ አለ። ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ተቀመጠ። አሁን ሳስበው እፎይ ያለ ይመስለኛል፤ እሱ ያልቻለውን የመንግሥት ሰው ሊያደርግለት ነበርና። እኔ ግን ወረድኩ። የሽምግልና ጉዞ መሆኑን፣ የሰው ደጅ በጠዋት ካልቆሙ ነገሩ እንደሚበላሽ ነገርኩት፣ እመቤታችንንም እየጠራሁ ለመንኩት። የተካንኩበት ሥራ ነው። ትራፊኩም የሰው ልጅ ነው፣ ለእርስዎ ስል ነው ብሎ አሳለፈን። ተመልሼ ስገባ ተሳፋሪዎቹ ዕድሜ ይስጥዎ አሉኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ።

ቁልቁለቱን ስንጀምር የጋለ ፍሬን ሸተተን። ሹፌሩ ማርሽ ቀነሰ፣ እንደገና ቀነሰ፣ መኪናው ግን ከክብደቱ የተነሳ አልቆም አለው። ኩርባው ላይ በስተግራ ገደል ነው። እሱ መሪውን ወደ ቀኝ፣ ወደ ታረሰ ማሳ ጠመዘዘው፤ እዚያ ተገለበጥን። መሬቱ ገና ታርሶ ስለነበር ለስላሳ ነው። ሰው አልሞተም። ትርፍ ከገቡት ሴቶች አንዷ እጇ ተሰበረ፣ እኔ ጭኔ። ፖሊስ ሆስፒታል መጥቶ ቃሌን ሲቀበል ፍሬኑ ነው አልኩ። ሹፌሩ ፍርድ ቤት ቀርቦ ትርፍ የጫንኩት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ ስምንት ወር ታሰረ። ማን ክፈት እንዳለው፣ ማን ትራፊኩን እንደለመነ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ለምን እንዳልተናገረ አውቃለሁ። መምህሩን ማሳፈር ነውር ሆኖበት ነው።

ይህን ሁሉ ተናግሬ ጨረስኩ። ልጅቷን ለማየት አልደፈርኩም። ስለ ፍሬን ልነግራችሁ ነበር የመጣሁት፣ እሱንም መምህራችሁ ታስነብባችኋለች፣ ግን መሪ ከመያዛችሁ በፊት የምታከብሩትን ሰው እምቢ ማለት ልመዱ አልኳቸው። ከዚያ መምህርነቴ መጣብኝና ፈተና አወጣሁ። አንድ ወንበር አስቀምጬ ይህ ባጃጅ ነው፣ ሞልቷል፣ እኔ ልግባ ብዬ እለምናለሁ፣ እናንተ ከልክሉኝ አልኩ። አንድ ረጅም ልጅ ደረቱን ነፍቶ ወጣ። ስለ እግሬ ሁለት ቃል ስነግረው ኧረ ይግቡ አለኝ። ሁለተኛዋ የእናቷን ስም ስጠራባት ተሸነፈች። ሦስተኛው ገና አፌን ሳልከፍት ጎንበስ ብሎ በሩን ከፈተልኝ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ያ ሰው ያን ዕለት ምን እንደጫንኩበት በደንብ የገባኝ እዚያ ነው።

ሳቁ ሲበርድ ልጅቷ እጇን አወጣች። ተነስታ፣ «ጋሼ፣ ያን ዕለት አባቴ በሩን ባይከፍትልዎ ምን ያደርጉት ነበር?» አለችኝ።

ማሰብ አላስፈለገኝም። «እቆጣው ነበር» አልኳት። «አንድ ሳምንት ሰላም አልለውም ነበር። ከዚያ ይበርድልኛል።»

«አንድ ሳምንት ብቻ?»

«አንድ ሳምንት ብቻ።»

ቁጭ ብላ ደብተሯ ላይ ጻፈች። ለአንድ ሳምንት ኩርፊያዬ ሲል ሰውዬው ስምንት ወር ታስሯል። አንድ ሳምንት የሚለውን ከአፌ ስሰማው በጣም አፈርኩ።

እሑድ ዕለት በምሥራቁ በር አልዞርኩም። ቅዳሴ አልቆ ሲወጣ ዋናው በር ላይ ጠበቅሁት። በወጉ ድንጋይ ተሸክሜ ይቅርታ ልጠይቅ አጎነበስኩ፤ የታመመው እግሬ እሺ ሳይለኝ፣ ድንጋዩንም ሳላነሳ እሱ ደርሶ በሁለት እጁ ደገፈኝ። «ይተዉ ጋሼ። ልጄ ነግራኛለች» አለኝ። እኔ ለሌላው ሰው በቃል ስንት አስታርቄ፣ የራሴ ሲሆን ቃል አልመጣልኝም፤ አለቀስኩ። ቤቴ ስገባ ሦስት ዓመት የተሸከምኩት ከላዬ እንደወረደ ተሰማኝ። ያን ቀን ምሳ ሁለቴ በላሁ። በማግስቱም እህሌን እሱ ወዳለበት ወፍጮ ቤት ላክሁ።

መንጃ ፈቃዱ ተመልሶለት እንደገና መንዳት ከጀመረ ገና ወሩ ነው። ያኔ ልንጠይቅ የሄድንላቸው ልጆች፣ ያን ዕለት ባይሆንም፣ በኋላ ተጋብተው ልጅ ወልደዋል። ለክርስትናው ተጠራሁና ባለፈው ዓርብ መናኸሪያ ሄድኩ። ዘግይቻለሁ። ሚኒባሱ ሞልቷል፣ መሪው ላይ እሱ ተቀምጧል። ያን ሁሉ ተናግሬ፣ ያን ሁሉ አልቅሼ፣ እጄ ግን በልማዷ ሄዳ በሩን ያዘች። ጥግ ላይ እጣበቃለሁ፣ ደግሞም ከስቻለሁ አልኩ። ከውስጥ አንዲት ሴት ኧረ ለጋሼ ጠጋ ጠጋ በሉ አለች።

እሱ ወረደ። እንደዚያን ዕለቱ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። አንገቱን ግን አልደፋም፤ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ «ጋሼ፣ ሞልቷል» አለኝ።

ጆሮዬ ጋለ። ምላሴ ላይ የመጣውን አልጽፈውም፤ ፊደል የሚል ቃል ነበረበት። ከዚያ እጄን ከበሩ ላይ አነሳሁ። ተሳፋሪው ሁለታችንን ያያል። እሺ ልጄ፣ በሰላም ግባ አልኩት። በሩን ዘግቶ፣ ተመልሶ መሪውን ይዞ ሄደ። ሲያልፈኝ በመስኮቱ የተሳፋሪዎቹን ራስ ቆጠርኩ፤ ከወንበሩ ቁጥር አንድ ሰው እንኳ አላለፈም።

ቀጣዩ መኪና ወዲያው መጣ። ክርስትናው አመለጠኝ፣ ድግሱ ላይ ደረስኩ። ለልጅቷ አባትሽን አንድ ሳምንት እቆጣው ነበር ብያት ነበር። ተሳስቻለሁ። መኪናው ከመናኸሪያው በር ሳይወጣ በርዶልኛል።