ግማሹ የሚጮኸው ኪቦርድ

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ኪቦርዱን ስታሞቀው ከመነዳሪ ከመነዳሪ ይሸታል፤ የጎማ ውስጥ ላስቲክ ማለቴ ነው። ደንበኛ ይሄን ስለማያውቅ "ምን ተቃጠለ?" ብሎ ሶኬቱን ያያል። ምንም አልተቃጠለም እለዋለሁ። አፍንጫዬን ወደ ቁልፎቹ ማስጠጋት ያምረኛል፤ ሰው ፊት ግን አላደርገውም።

ያኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ ነጥብ አልመጣልኝ ብሎ፣ ሐይቅ ከተማ አስፋልቱ ዳር ካለች የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ልምምድ ገባሁ። ንፋሱ ከሐይቁ በኩል ሲነሣ የዓሣው ሽታ ከቀለሙ ሽታ ጋር ይደባለቅ ነበር። ተለማማጆቹ ሁለት ነበርን፤ እኔና የጎሚስታው ልጅ። አባቷ ከመናኸሪያው ማዶ የባጃጅና የሚኒባስ ጎማ ይለጥፋል። ባለሱቋ በመጀመሪያው ቀን ቁርጡን ነገረችን።

"በመስከረም የግሸን ተጓዥ መምጣት ሲጀምር አንዳችሁን ነው የማስቀረው። ወላሂ ለሁለት የሚሆን ሥራ የለኝም።"

ወንበሩን እኔ ነበርኩ ይበልጥ የምፈልገው። እጄ አይታዘዘኝም። ብርጭቆ ቀስ አድርጌ ያስቀመጥኩ ሲመስለኝ ተሰብሮ አገኘዋለሁ። ሻይ ቤት ተቀጥሬ በሁለተኛው ቀን ተባርሬያለሁ። የጫማ ክር ማሰር የቻልኩት ስምንተኛ ክፍል ስደርስ ነው፤ የሰፈር ስሜም ሰባሪት ነበር። ዘንድሮ ደሴ ያለ አንድ ሐኪም "ዲስፕራክሲያ ይባላል፤ ጭንቅላት ያዘዘውን እጅ አዛብቶ ሲሠራው ነው" አለኝ። አላመንኩትም። ቤት ገብቼ በስልኬ ፈልጌ ነው ያመንኩት።

እንግዲህ በዚህ እጅ ኪቦርድ ስመታ አስቡት። አንዱን ቁልፍ ስፈልግ ጎረቤቱን ጭምር ይዤ እወርዳለሁ፤ ያውም እንደ ዘነዘና። የመጀመሪያው ኪቦርድ በሳምንቱ ዝም አለ። ሁለተኛውን ራሴ ደሴ ሄጄ ገዛሁ። ነጋዴው "ኦሪጅናል ነው፣ እንኳን ጣት መዶሻም ይችላል" ብሎ ማለልኝ። እኔ ደግሞ የማለን ሰው ነው አብልጬ የምጠረጥረው። ቁልፎቹን አንድ በአንድ ስጫን ብቆይበት "እህቴ፣ ልትገዢው ነው ወይስ ልታጥቢው?" አለኝ። ኦሪጅናሉ አሥራ አምስት ቀን አልሞላውም።

ከዚያ ባለሱቋ ከቤቷ አንድ አሮጌ፣ ነጭነቱ ወደ ቢጫ የሄደ፣ ድንጋይ የሚያህል ኪቦርድ ተሸክማ መጣች። "ይሄ ይችልሻል። ይሄንም ከሰበርሽው ግን አንድከም" አለችኝ። እውነትም አልሰበር አለ። ግን ስመታው በርበሬ እንደሚወቀጥበት ቤት ይጮኻል፤ ቁልፉ ሲወርድ ታች ካለው ብረት ጋር ስለሚላተም ማታ ማታ የጣቴ ጫፍ ያብጣል። የጎሚስታው ልጅ ቀጭን አዲስ ኪቦርድ ላይ እንደ ካፊያ ትወርዳለች። እኔ ስጀምር ደንበኛው ሁሉ ይዞራል። ለመሳቂያ ነው የሰጡኝ ብዬ ያዝኩ።

አንድ ቀን የጎሚስታው ልጅ "ጣትሽን እስቲ አሳዪኝ" አለችኝ።

"ለምን?"

"ለማየት ነዋ።"

እጄን ቀሚሴ ኪስ ውስጥ ከተትኩ። እናቴ "ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር" እያለች ነው ያሳደገችኝ። በአንድ ወንበር የምትፎካከረኝ ልጅ ስለ እኔ ጣት ምን አገባት?

ጳጉሜን ላይ ነው፣ እያካፋ። በጠዋት ቀድሜ ልለማመድ ብዬ ስገባ የጎሚስታው ልጅ የኔ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የኪቦርዴ ቁልፎች ተነቅለው ሳህን ላይ ተከምረዋል፤ ኪቦርዱ ጥርሱ እንደረገፈ ሽማግሌ አፉን ከፍቷል። በእጇ ምላጭ ይዛለች።

"ምን እያረግሽ ነው?"

"ቀድመሽ መጣሽ" አለች።

ከዚህ ሌላ ምን ማስረጃ እፈልጋለሁ? ባለሱቋ እስክትደርስ ጮህኩ። ስትደርስም አልቀነስኩም፤ እስከ ዛሬ የተሰበረውን ሁሉ በእሷ ላይ ጫንኩት። ባለሱቋ "ምን ትያለሽ?" ብላ ጠየቀቻት። ልጅቱ ግን እሷን አላየቻትም፤ እኔን ነው ያየችው።

"እሷ በዓይኗ ካየች እኔ ምን እላለሁ።"

ምላጩን በወረቀት ጠቀለለች። ከበሩ ስትደርስ "ወንበሩ ያንቺ ነው፣ አብሽሪ" ብላኝ ካፊያው ውስጥ ገባች።

ቁልፎቹን ልመልስ ቁጭ አልኩ። የመጀመሪያውን ስገለብጠው ከሥሩ ጥቁር የላስቲክ ቀለበት አለበት፤ ምስር የምታህል፣ ከከመነዳሪ የተቆረጠች፣ ጠርዟ በምላጭ የተስተካከለ። ሁለተኛውም አለው። ሦስተኛውም። የላይኞቹን ሁለት ረድፎች ጨርሳቸዋለች፤ የታችኞቹ ባዶ ናቸው። በኔ እጅ መልሶ መግጠሙ እስከ ቀትር ፈጀ። ሞከርኩት። የላይኞቹ ልስልስ ብለው ወረዱ፣ ጣቴንም አላመመኝም። የታችኞቹ እንደ ድሯቸው ጮኹ።

ወዲያው ሮጬ ሄድኩ ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልሄድኩም። የግሸን ተጓዥ መጥቶ እስኪመለስ፣ ወንበሩ እስኪረጋልኝ ጠበቅኩ።

ስሄድ አባቷ ጎማ ላይ ጎንበስ ብሏል። ልጁ ኮምቦልቻ አክስቷ ጋ ሥራ ልትፈልግ ከሄደች ሰንብታለች አለኝ። ቀና ብሎ እጄን አየ።

"እጅሽ የሚያስቸግርሽ አንቺ ነሽ ልጄ? ጨረሰችልሽ?"

"አዎ" አልኩት።

"ታዲያ ይሄን ለምን ትታው ሄደች?" ብሎ ከመፍቻዎቹ መሐል በፌስታል የተቋጠሩ ቀለበቶች አወጣ። "በመብሻ እየቆረጥኩ ስሰጣት ነበር። ያንቺ ነው፣ ውሰጂው።"

ያኔም፣ አላፍርም ልናገረው፣ ምን ፈልጎ ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ከዚያ ወሰድኩት።

ፌስታሉ መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ባለሱቋ "ለምን አታስጨርሺውም፣ ጆሮዬን በሳሽው" ትለኛለች። የሚገጥምልኝ ሰው አላጣሁም። የጀመረችው ትጨርሰው ብዬ ነው።

ከኮምቦልቻ የመጣ ሚኒባስ በራችን ላይ ሲቆም እጄን ከቁልፎቹ አነሣለሁ፤ ማን እንደወረደ ለመስማት። ጩኸቱ ሲቋረጥ ባለሱቋ ከጓዳ ሆና "ደግሞ ሰበርሽው?" ትለኛለች።

"አልሰበርኩትም" እላታለሁ። ሚኒባሱ እስኪያልፍ እጠብቃለሁ።