በይርጋ ስም የላክሁት ድምፅ

ይህን ነገር እስካለፈው ሳምንት ድረስ ለሰው ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴም አልተናገርሁም። ንስሐ ልገባ ሄጄ ቁጣዬን፣ ሐሜቴን፣ ጾም መሻሬን ሁሉ ዘርዝሬ፣ ይህችን አንዷን ከምላሴ ሥር ደብቄ የተመለስሁ ሴት ነኝ። እግዜር አያውቅም ብዬ ነው? ያውቃል እንጂ! ሰው እንዳያውቅብኝ ነው የፈራሁ። አሁንም ስጽፍ እፈራለሁ።

ስሜ የሺ ነው። በደርግ ጊዜ ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርሁ። ፊደል በመቁጠሬ የሰፈሩ ሰው ደብዳቤ የሚያጽፍ እኔን፣ የሚያስነብብ እኔን ነበር። ኩራቴ ለጉድ ነው። ሬዲዮ የነበረው ሰው በግቢያችን እኔ ብቻ ስለነበርሁ ደግሞ እሑድ ከሰዓት በኋላ መስኮቴ ላይ አስቀምጬ ድምፁን ከፍ ሳደርገው፣ ጎረቤቱ ሁሉ በርጩማውን እየያዘ ይሰበሰባል።

በዚያ ዓመት ሬዲዮው ያለፉትን አሥር ዓመታት ተወዳጅ ዘፈኖች በአድማጭ ድምፅ ሊያወዳድር ነው ተባለ። አንድ ሰው አንድ ዘፈን ይመርጣል፣ ሙሉ ስሙንና የሚኖርበትን ከተማ ጽፎ በፖስታ ይልካል። በየእሑዱ የየከተማው ድምፅ ስንት እንደደረሰ ይነገራል፣ ከመራጮቹም የጥቂቶቹ ስም ይነበባል። አቤት ስንወደው! ወንድ ልጅ ያላት እናት ሁሉ በአፈሳ ፍርሃት በምትኖርበት ጊዜ፣ በስብሰባ ላይ ማስነጠስ በሚያስፈራበት ጊዜ፣ ስለ ዘፈን መከራከር የማያሳስር ነገር መስሎን ነበር።

እኔ የወደድሁት የጎንደር ልጅ የዘፈነውን አንድ ዘፈን ነው። ስሙን አልጠራውም። ዛሬም በሠርግ ይዘፈናል፤ ሲጀመር ጫማዬ ጠበበኝ ብዬ ወደ ውጭ እወጣለሁ።

መሥሪያ ቤታችን ሒሳብ ክፍል ውስጥ ዘለቀ የሚባል የደሴ ልጅ ነበር። እሱ ደግሞ የደሴን ዘፋኝ ይዟል። እሑድ ደሴ በልጣን ከተገኘች ሰኞ ጠዋት መከራዬን ያበላኛል። «ጎንደሬ መፎከር እንጂ ቴምብር መግዛት አይሆንላት!» ይለኛል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። እልሁ ያዘኝ። የጎረቤቶቼን ስም እየጠየቅሁ፣ በየስማቸው አንዳንድ ደብዳቤ እጽፍ ጀመር። ሁሉም «ጻፊው፣ ምን ገዶኝ!» አሉኝ። ሳላስፈቅድ የጻፍሁት አንድ ስም ብቻ ነው። እሱም የይርጋ ነው።

ይርጋ የጎረቤቴ የእማማ ስንዱ አንድያ ልጅ ነበር። እማማ ስንዱ ባሏ ዋሴ ሞቶባት፣ ከትክል ድንጋይ ገበያ ጤፍ እያመጣች በመቸርቸር ነው ያሳደገችው። የብሔራዊ ውትድርና ጥሪ መጥቶ ስሙ ሲወጣ «ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ሄደ፣ ከዚያ ወዲያ ወሬውም ጠፋ» ብላ ለቀበሌ ተናገረች። ለኛም እያለቀሰች ነገረችን። ሰፈሩ አምኖ አብሯት አለቀሰ።

እኔ አላመንሁም። የኔንና የሷን ቤት የሚለየው የጭቃ ግድግዳ ነው። እሷ ገበያ በምትውልበት ቀን፣ እኔም አሞኝ ከሥራ ስቀር፣ ከጣሪያቸው ሥር ካለው ቆጥ ላይ ቀስ ብሎ የሚያንጎራጉር ሰው ሰማሁ። የሚያንጎራጉረው ያንኑ ዘፈን ነበር። ድምፁን ደግሞ ከሺህ ድምፅ መሃል እለየዋለሁ። ለማንም አልተናገርሁም፤ ለናቱም እንኳ ማወቄን አልነገርኋትም። እስከዚህ ድረስ ሸጋ ሰው ነበርሁ።

ታዲያ ምነው ስሙን ጻፍሁት? ይህን ጥያቄ ራሴን ስጠይቅ ነው ያረጀሁት። እወደው ነበር። ይኸው፣ አልሁት! እሱ አያውቅም፣ እናቱም አታውቅም፤ እኔ ግን እወደው ነበር። ቆጥ ላይ ተጋድሞ ቀን የማያይ ሰው፣ ስሙ በሬዲዮ ሲጠራ ቢሰማ ደስ ይለዋል፣ የሚያስታውሰኝ ሰው አለ ይላል አልሁ። ስጦታ መሆኑ ነው እንግዲህ። እንዲህ ያለ ስጦታ የሰጠ እጅ ቢቆረጥስ?

እሺ፣ ስሙንስ ጻፍሁ፤ ከተማውን ሁመራ ብዬ ብጽፍ ምን ነበረበት? እናቱ ሁመራ ነው ብላለች፣ ሁመራ ብል ማን ይጠረጥራል? አስቤዋለሁ እኮ! እስክሪብቶዬን አንሥቼ ቆም ብያለሁ። ሁመራ ካልሁ ግን ድምፁ ለጎንደር አይቆጠርም። ሰኞ ዘለቀ ይስቅብኛል። ለዚህ ብዬ ነው ጎንደር ብዬ የጻፍሁት። ሌላ ምክንያት የለኝም። ብፈልግ፣ ብፈልግ አላገኘሁም።

እሑድ ደረሰ። ግቢው ሞልቷል። እማማ ስንዱ ከመስኮቴ ሥር ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። የአብዮት ጥበቃው አያ ፈንታም ዘፈን ነፍሱ ነውና፣ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ከድንጋዩ ላይ ተቀምጧል። አንባቢው የጎንደርን ድምፅ ተናገረ፤ ደሴን በልጠናል። እልል አልሁ። ከዚያ ስም ማንበብ ጀመረ። አንድ ስም አነበበ፣ ሁለተኛ አነበበ፣ ቀጥሎም «ይርጋ ዋሴ፣ ከጎንደር ከተማ» አለ።

መጀመሪያ ደስ አለኝ። ይህን ሳልደብቅ ልናገር፣ ደስ አለኝ። ሰምቶ ይሆን ብዬ ጆሮዬን ወደ ግድግዳው ጣልሁ። ከዚያ እማማ ስንዱን አየሁ። እጇ ሰፌዱ ላይ ቀርቷል፣ ፊቷ አመድ መስሏል። ያን ጊዜ ነው ያደረግሁት ነገር የገባኝ።

አያ ፈንታ ቀና አለ። «ይርጋ ሁመራ አይደል እንዴ?» አለ።

«ምነው አያ ፈንታ፣ በጎንደር ያለው ይርጋ የኔ ብቻ ነው?» አለች።

«የዋሴ ልጅ የሆነው ግን አንዱ ነው» አለና ጠመንጃውን አንሥቶ ወጣ። ዘፈኑን እንኳ ሳይሰማ።

ያን ሌሊት እንዴት እንዳደርሁ አልነግራችሁም። ውሻ በጮኸ ቁጥር ለኔ ነበር የሚመስለኝ። ለሱ እኮ አይደለም የፈራሁት! ደብዳቤው ከአዲስ አበባ ተመልሶ ይመጣል፣ የእጅ ጽሑፌ ይታያል፣ ከዳተኛ መደበቁን እያወቀች ያልጠቆመች ተብዬ እያዛለሁ አልሁ። ግድግዳውን አንኳኩቼ «ውጣ፣ አምልጥ» ማለት እችል ነበር። አንድ ክንድ አይርቅም። አላንኳኳሁም። ተሸፋፍኜ ተኛሁ።

ጠዋት መጡ። ሁሉንም በግድግዳው ሰማሁት። ከቆጥ ሲያወርዱት አንዱ «ዘፈን ለመምረጥ ጎበዝ፣ ለአገር ሲሆን ሁመራ!» እያለ ይስቅ ነበር። ይርጋ የሚጮኸው ለናቱ ነው። «ሙቺ እማ፣ እኔ አልጻፍሁም! ሙቺ አልጻፍሁም!» ይላል። ከግድግዳው ወዲህ ደግሞ የጻፈችው ልጅ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ቆማለች።

በዚያው ቀን እማማ ስንዱ እኔ ዘንድ መጣች። አልተቀመጠችም። «የሺ፣ የሰፈሩን ደብዳቤ የምትጽፊው አንቺ ነሽ። የሱንም ጻፍሽው?» አለችኝ። እግዚአብሔር በር ከፍቶ ሰጠኝ ማለት ይህ አይደለም? አዎ ማለት ብቻ ነበር። እኔ ግን «እኔ? እኔማ ሁመራ ያለ መስሎኝ!» አልሁ። እሱም አልበቃኝም። ጨመርሁበት። «ልጅነት ነው እማማ፣ ዘፈን ነፍሱ አይደል? አንቺ ገበያ ስትሄጂ ተደብቆ ወጥቶ ፖስታ ቤት ጥሎት ይሆናል» አልኋት።

ስሙን መጻፌ ጥፋት ነው። ይህ ግን ጥፋት አይባልም፤ ይህን ምን እንደምለው እንጃ። እናት በልጇ ላይ እንድትፈርድ ያደረግሁት በዚች በራሴ አፍ ነው። «ይህን ሁሉ ወር በሽንት ቤት መንገድ እንኳ ብቻውን ሳልለቀው ደብቄ፣ ለዘፈን ሸጠኝ!» ብላ ወጣች።

ጥቂት ቀን ቀበሌ አዳራሽ አሰሩት፤ ከዚያ ከሌሎች ጋር በመኪና ጫኗቸው። እናቶች ሁሉ መንገድ ዳር ቆመው ያለቅሳሉ። እማማ ስንዱ አልወጣችም። እኔ ከሰዎች ጀርባ ተደብቄ አየሁት። ዓይኑ እናቱን ሲፈልግ፣ አንገቱ ወዲያና ወዲህ ሲል አየሁት። ወደኔም ዞረ። አጎነበስሁ። የጫማዬን ክር የማስር መሰልሁ።

ዘፈኑ በመጨረሻ ስንተኛ እንደወጣ አላውቅም። ሬዲዮውን ሸጥሁት።

ይርጋ አልተመለሰም። ደርግ ወድቆ የተበተነው ጦር በከተማችን ሲያልፍ፣ እማማ ስንዱ የወለቃን መንገድ ይዛ እየቆመች የእያንዳንዱን ወታደር ፊት ታያለች። አጠገቧ ቆሜ እኔም አይ ነበር። እንዲመጣ ስለቴ ነው፤ እንዲመጣ ደግሞ እፈራለሁ። ቢመጣ «ማነው ስሜን የጻፈው?» ማለቱ አይቀርማ። አንዳንድ ቀን፣ ይቅር ይበለኝ፣ ባይመጣ ይሻላል ብዬ አስቤያለሁ። አስቤያለሁ!

ከዚያ ወዲህ እማማ ስንዱን የምጦራት እኔ ነኝ። ምሳዋን አደርሳለሁ፣ ልብሷን አጥባለሁ፣ ስትታመም አስተኛለሁ። ሰፈሩ «ልጅ ከመውለድ የሺን ጎረቤት ማግኘት» ይላል። ምርቃቱ ሁሉ እንደ እሳት ይለበልበኛል። በይርጋ ግን ይቀልዱበታል። አንድ ሰው በገዛ ቂልነቱ ሲጠመድ «እንደ ይርጋ በዘፈን ተያዘ» ይባላል። ያን ሲሰሙ ያደጉ ልጆች ዛሬ የልጅ አባት ሆነው ይሉታል። ይህን የምጽፈው ስለዚህ ነው። ይርጋ አልጻፈም። ቂል አልነበረም። እናቱንም አልሸጠም።

ያለፈው ሳምንት እማማ ስንዱ ሥጋ ወደሙ ልትቀበል ተነሣች። ዓይኗ ደክሟልና እጇን ይዤ ወደ ነፍስ አባቷ እንድወስዳት ለመነችኝ። «ይርጋን ይቅር ብዬዋለሁ ልበላቸው» አለችኝ። «እስከ ዛሬ ልቤ እንቢ ብሎኝ ነበር። ልጅ ነው፣ ዘፈን አታሎት ነው። ይቅር ብዬዋለሁ።» ነጠላዋን አስተካክላ እጇን ዘረጋችልኝ።

እጇን ልይዝ አልቻልሁም። መሬት ላይ ተቀመጥሁና ነገርኋት። ስሙን መጻፌን፣ ጎንደር ማለቴን፣ ግድግዳውን አለማንኳኳቴን፣ የዋሸሁትንም። ከጀመርሁ በኋላ ማቆም አቃተኝ። ስጨርስ እርግማኗን ጠበቅሁ። ዕድሜዬን ሙሉ የፈራሁት እሱን ነበርና አንገቴን ደፍቼ ጠበቅሁ።

የዘረጋችውን እጇን ሰበሰበች። ከዚያ «እሱ አልጻፈም በይኛ» አለች።

«አልጻፈም።»

«ቀበሌ ታስሮ ሳለ ላከብኝ» አለች። «እማ፣ በረደኝ፣ ጋቢዬን ላኪልኝ አለኝ። ጋቢው እዚህ ነበር፣ ታጥቦ ተቀምጦ። ዘፈኑን ይልበሰው ብዬ መልሼ ላክሁበት።»

ከዚያ ደረቷን መምታት ጀመረች። «እኔን አፈር ይብላኝ! ልጄን ብርድ ላይ የሰደድሁ እኔን፣ እኔን!» ትላለች። እጇን ልይዛት ሞከርሁ፣ አቅም አገኘች፣ አስለቀቀችኝ። የረገመችው ራሷን ነው፣ እኔ ፊት ተቀምጣ፣ እኔ እየሰማሁ። ይህንንም ያደረግሁት እኔ ነኝ።