ያልተቃጠለውን ሱቅ ያፈረስኩበት ቀን

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ቀዩ መኪና ላይ እወጣለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት። ከአንጋጫ ስነሳ እናቴ «ሰው ከእሳት ይሸሻል እንጂ እሳት ፍለጋ ይሄዳል?» ብላ ነው የሸኘችኝ። ሆሳዕና ጣቢያው ስደርስ ግን ኃላፊያችን አቶ ላምቤቦ የሰጡኝ አንድ የመለኪያ ሜትርና የእሳት አደጋ አገልግሎቱን ደንብ ነበር።

«አንብብና ገበያ ወርደህ መንገዱን ለካ» አሉኝ።

ደንቡ ነጋዴ ሸራውን ወደ መንገድ እንዳያወጣ ይከለክላል። ይህንን ይዤ አንዱን የልብስ ነጋዴ «ሸራህን ሰብስብ» አልኩት። «ፖሊስ ነህ?» አለኝ። አይደለሁም አልኩት። «እንግዲያው ዞር በል» ብሎ ለደንበኛው ሱሪ ማሳየቱን ቀጠለ።

በማግስቱ አቶ ላምቤቦ አብረውኝ መጡ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «ወንድሜ፣ ሱቅህ ቢቃጠል መኪናችን በየት በኩል ይግባልህ?» ብለው ጠየቁት። ሰውየው ሸራውን ቀና ብሎ አየና ገመዱን ራሱ ፈታው። አንድን ደንብ በሁለት አፍ መናገር እንደሚቻል ያን ቀን ተማርኩ።

ደንቡ ብዙ ሥልጣን ይሰጠናል። እሳት ባለበት ቤት በር ሰብረን እንገባለን። መብራት እናስቆርጣለን። ከማንም ማጠራቀሚያ ውሃ እንወስዳለን። አንድ ጊዜ ቦቴያችን መሀል ሥራ ላይ ባዶ ሲሆንብን ከአንድ ላቫጆ በርሜል ውሃ ስንቀዳ ባለቤቱ «ኧረ ሳሙና አለበት!» እያለ ይጮህ ነበር። ሹፌራችን ሸምሱ «ችግር የለም፣ እሳቱንም እናጥበዋለን» አለው። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ባለቤቱ የሸምሱን መኪና በነፃ አጠበለት።

ከሥልጣኖቹ ሁሉ የሚከብደው ግን እሳት እንዳይዛመት ያልተቃጠለ ቤት ማፍረስ ነው። ብዙ ዓመት ሠርቼ የፈረቃ መሪ እስክሆን ድረስ እኔ ላይ አልደረሰም ነበር።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የስልክ ጥሪ መጣ። የስፖንጅ ፍራሽ የሚሸጥ ሱቅ ተያይዟል። ስንደርስ ጥቁር ጭስ መንገዱን ሞልቶታል፤ ነፋሱም ወደ ታች ይነፍሳል። ሱቆቹ በእንጨትና በቆርቆሮ ተያይዘው የተሠሩ ናቸው። ከፍራሽ ቤቱ ቀጥሎ ባዶ መጋዘን፣ ከዚያ የወይዘሮ አማረች የስፌት ቤት፣ ከዚያ ቀጥሎ ቡታጋዝ የሚሸጥበት ሱቅ አለ። ሲሊንደሮቹ እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል። ከመንገዱ ማዶ ደግሞ ሰው እንደ ሠርግ ቤት ተሰብስቦ ስልኩን አውጥቶ ይቀርፃል።

ሁለት ቱቦ ዘርግተን ውሃ መርጨት ጀመርን። የመጋዘኑ ጣሪያ ሲያያዝ እሳቱን እዚያ ላይ እንደማንይዘው ገባኝ። ሲሊንደሮቹን አውጥቶ ለመጨረስ ጊዜ የለም። ያለን አማራጭ የስፌት ቤቱን አፍርሶ ክፍተት መሥራት ነው።

ወይዘሮ አማረች በሩ ላይ ቆመዋል። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም በመስፋት በከተማው የታወቁ ናቸው። «እናቴ፣ ይውጡ፤ ቤቱን ላፈርሰው ነው» አልኳቸው።

«የኔ ቤት መቼ ነደደ?» አሉኝ። ከዚያ በሃዲይኛ ጎረቤት ይጠሩ ጀመር። ቋንቋውን አሳምሬ ባልሰማውም የሚሉት ግን ገብቶኛል።

ሁለቱን የስፌት መኪናዎች የፈረቃዬ ልጆች ተሸክመው አወጡ። ሦስተኛው ከወለሉ ጋር በቡሎን የታሰረ ስለነበር ቀረ። ምሰሶዎቹን በመጥረቢያ ቆረጥን። ገመድ አስረን በመኪናው ስንጎትተው ቤቱ ባንዴ ተንዶ ወደቀ። ወይዘሮ አማረች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ያዩኝ ነበር። ከእሳቱ ይልቅ ያ አስተያየት አቃጠለኝ።

ፍርስራሹን ጎትተን ሳንጨርስ ነፋሱ ዞረ። እሳቱ ወደ መጣበት ተመልሶ መጋዘኑ ላይ ጠፋ። ሰዉ «በከንቱ አፈረሱባት» አለ። ማታውን ቪዲዮው በየስልኩ ዞረ። ጭሱ ሁሉን ስለሸፈነው እሳቱ የት ድረስ እንደመጣ አይለይም። የሚለየው እኔ መጥረቢያ ይዤ መቆሜ ብቻ ነው።

ጣቢያ ገብቼ ሪፖርቱን ልጽፍ ስቀመጥ ሸምሱ አጠገቤ መጣ። ደንቡ ሁለት ነገር ይላል፦ አፍራሹ በቅን ልቦና ከሠራ በግሉ አይጠየቅም፤ የፈረሰው ቤት እሳት ያልያዘው ከሆነ ደግሞ ከተማው መልሶ ይሠራዋል። እሳት ይዞት ከነበረ ግን ከተማው አይሠራውም።

«ኤርሚያስ፣ እሳቱ ጣሪያውን ይዞት ነበር ብለህ ጻፍ» አለኝ። «ማንም አላየም። በከንቱ አፈረሰ የሚለው ወሬም ይቆማል።»

ሸምሱ ክፉ ሰው አይደለም። ለእኔ ብሎ ነው። እኔም፣ አልዋሻችሁም፣ እንዳለኝ ልጽፍ እስክሪብቶውን አንስቼ ነበር። በከንቱ አፍርሷል ተብዬ ብባረርስ? ልጆቼ ይማራሉ፣ ከዚህ ሌላ ሥራ አላውቅም። በመጨረሻ ተነስቼ አቶ ላምቤቦ ቢሮ ገባሁና ሁሉንም ነገርኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። «ቤቱን እሳት ይዞት ነበር?»

«አልያዘውም።»

«እንግዲያው ምን ልትጠይቀኝ መጣህ?»

«ጥፋተኛ ነህ ቢሉኝስ?»

«አብሬህ እቀመጣለሁ» አሉኝ። ተመልሼ እንደነበረው ጻፍኩት፤ የቀረችውንም የስፌት መኪና ሳልጽፍ አልተውኩም።

ወይዘሮ አማረች አቤቱታ አቀረቡና የከተማው ኮሚቴ ፊት ተጠራሁ። አቶ ላምቤቦ እንዳሉት ጎኔ ተቀመጡ። የኮሚቴው የሕግ ባለሙያ ወጣት ሴት ነች፤ ሪፖርቴን ፊቷ ዘርግታለች።

«ሲያፈርሱት ቤቱን እሳት ይዞት ነበር?»

«አልያዘውም።»

«ታዲያ ለምን አፈረሱት?»

«ስላልያዘው ነው። ከያዘው በኋላ ማፍረስ ጥቅም የለውም። ቀጥሎ ያለው ቡታጋዝ ነው።»

«ባያፈርሱትስ ኖሮ እሳቱ ይደርስ ነበር?»

«አላውቅም» አልኩ።  አቶ ላምቤቦ ዞር ብለው አዩኝ።

ያኔ ወይዘሮ አማረች ተነሱ። «እኔ ሰውየውን አልከሰስኩም፤ አቤት ያልኩት ስለ ቤቴ ነው» አሉ። «ቤትሽ ነዶ ነበር ይለኛል ብዬ ነው የፈራሁት። አላለም። እንግዲህ እውነቱን ተናግሯል፤ እናንተ ደግሞ ቤቴን ሥሩልኝ።»

ኮሚቴው በደንቡ መሠረት ቤቱ እንዲሠራና የቀረችው የስፌት መኪና እንድትተካ ወሰነ። ሥራው ግን ቶሎ አላለቀም፤ ክረምቱ ገባ። ወይዘሮ አማረች የጎረቤት በረንዳ ላይ ላስቲክ ወጥረው ሲሰፉ ከረሙ። ባለፍኩ ቁጥር አንገቴን እደፋ ነበር። አንድ ቀን ዝናብ ሲጥል ጠሩኝ። «ምን መሬት መሬት ታያለህ? ና ተጠለል» አሉና ወንበር ሰጡኝ። ዝናቡ እስኪያባራ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። ስለ ቤቱ አንድ ቃል አላነሱም።

አዲሱ ቤት በብሎኬት ተሠራ። የተመረቀ ዕለት ሸምሱንም እኔንም ጠሩን። ሸምሱ ግድግዳውን መታ መታ አድርጎ «ይኼን እንኳ በገመድ አንችለውም» ሲል ከሁሉ በላይ የሳቁት እሳቸው ናቸው።

አቶ ላምቤቦ ጡረታ ወጥተው ሾኔ ልጃቸው ጋ ይኖራሉ። እኔም ከወጣሁ ሰንብቻለሁ። በሥራዬ ብዙ ሰው ረድቶኛል፤ ከሁሉም አብልጬ የማመሰግነው ግን እነዚህን ሁለቱን ነው። አንደኛው ጎኔ ተቀምጠዋል፤ ሌላዋ ቤታቸውን ባፈርስባቸውም ላስቲካቸው ሥር አስጠልለውኛል።

የአካባቢው ጣቢያዎች ለአዲስ ገቢዎች እንድናገር አንዳንዴ ይጠሩኛል፤ በቅርቡም ሺንሺቾ ሄጄ ነበር። የምነግራቸው አጭር ነው። የሰው ቤት ካፈረሳችሁ፣ ስታፈርሱት እንዴት እንደነበረ በዚያው ቀን ጻፉ። የማታውቁትን አላውቅም በሉ። እናንተን የሚጎዳ ቢመስላችሁም እንዳለ ጻፉት፤ ባለቤቱ ቤቱን መልሶ የሚያገኘው በዚያ ወረቀት ነው።