ልጄን ደብቄ ሆዴ ደረቀ

መጀመሪያ ላይ ምንም የሚመስል ነገር አልነበረም። ከልጅነቴ ጀምሮ ቁርሴን በልቼ ሻዬን ሳልጨርስ ወደ ሽንት ቤት የምሄድ ሰው ነበርኩ፤ ያን ሰኞ አልሄድኩም። ማክሰኞም አልሄድኩም። ረቡዕ ሆዴ ተነፋ። «ምን በልቼ ይሆን?» አልኩ። ምን እበላለሁ! ያው የሁልጊዜውን ሽሮ ነው። እናንተም ይህ ከደረሰባችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ምን እንደበላችሁ ነው። እኔም ዘጠኝ ወር ሙሉ ይህንኑ ስጠይቅ ከረምኩ።

ዘመኑ ደርግ ወጣቱን ለብሔራዊ ውትድርና የሚሰበስብበት ነበር። የምኖረው ናዝሬት፣ አሁን አዳማ በምንላት ከተማ፣ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነኝ፤ ባሌ ከሞተ በኋላ አንድ ልጄን ጌቱን ብቻዬን አሳድጌያለሁ። ጌቱ አሥራ ስምንት ዓመት ሞላው። የምልመላው ዝርዝር ሊወጣ ነው ሲባል እሑድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን የምንሄድ መስለን ከቤት ወጣንና፣ እህል ሊጭን ወደ አርሲ ነገሌ በሚወርድ መኪና ላይ አሳፈርኩት። እህቴ እዚያ አግብታ ትኖራለች። ለቀበሌው «ሥራ ሊፈልግ ድሬዳዋ አጎቱ ዘንድ ሄደ» አልኩ። በማግስቱ ሰኞ ሆዴ ዘጋ። አሁን ስጽፈው ሕፃን እንኳ የሚገባው ነገር ነው፤ ያኔ ግን አልገባኝም።

ግቢያችን ስምንት አባወራ፣ አንድ ሽንት ቤት ነበረው። ጠዋት ሁሉም ቁራጭ ጋዜጣውን ይዞ ይሰለፋል፤ ወረፋው ላይ የማይወራ የለም። ጎረቤቴ እትዬ በለጡ ናቸው፤ በዕድሜ እናቴ ለመሆን ትንሽ የቀራቸው፣ ድምፃቸው ሦስተኛው ግቢ የሚሰማ ሴት። የእሳቸው ልጅ ግርማ ባለፈው ዙር ተወስዷል። እኔን ባዩ ቁጥር፣ ወረፋው ሁሉ እየሰማ፣ ይጀምሩኛል።

«ጌቱ ደብዳቤ ጻፈ?»

«አዎ፣ ደህና ነው። ሥራ ይዟል።»

«የምን ሥራ?»

«መጋዘን።»

«እሰይ! የድሬዳዋን ሙቀት እንዴት ቻለው?»

በየቀኑ! ኧረ በስንቱ ልቃጠል! ከአብዮት ጥበቃዎቹ አንዱ እዚያው ግቢያችን ይኖራል፤ እሱም ከኋላችን ቆሞ ይሰማል። እትዬ በለጡ ልጃቸው ስለተወሰደ የእኔንም ሊያስወስዱ ነው ብዬ ደመደምኩ። ሆዴ «ሂጂ» ሲለኝ እስከ በሩ እሄዳለሁ፤ እትዬ በለጡን ሳይ «ትንሽ ቆይቼ» ብዬ እመለሳለሁ። ትንሽ ስቆይ ሆዴ ዝም ይላል። በዚህ ዓይነት በሳምንት አንዴ፣ ከዚያም በአሥር ቀን አንዴ ሆነ።

ሐኪም ቤት ሄድኩ? የለም፤ ኮሶ ጠጣሁ። ኮሶ የሚጠጣው ለኮሶ ትል ነው፤ እኔ ደግሞ ትል የለብኝም። ግን ኮሶ የጠጣ ሰው በአገራችን ያለውን ክብር ታውቃላችሁ። ቤቱን ዘግቶ ቢውል ማንም አይጠራውም፤ ከቀበሌ ስብሰባ እንኳ ቢቀር አይጠየቅም። ከሁሉ በላይ ወረፋ አይጠብቅም። «ኮሶ ጠጥታለች!» ከተባለ ሰልፉ ሁሉ ይከፈትልኛል፤ ጥያቄ የለም፣ ድሬዳዋ የለም። በዚህ ተታልዬ በየአሥራ አምስት ቀኑ መጠጣት ጀመርኩ። በመካከሉ የጉሎ ዘይት እጨምርበታለሁ። ያጥበኛል፣ ያንጠራውዘኛል፣ በማግስቱ ደግሞ ከበፊቱ ብሶ ይደርቃል። ዓይኔ ብዥ ይልብኝ ጀመር። ኪንታሮት ወጣብኝ። ተማሪዎቼን ያለ ጥፋታቸው ስቆጣ እውላለሁ። አስተማሪ ነኝ እኮ! ያውም ስለ ጤና አጠባበቅ የማስተምር! እንዲህ ያለ ሞኝነት ከየት አመጣሁት?

በዘጠነኛው ወር የአዲስ ምልመላ ወሬ መጣ። ኮሶው እንኳ እምቢ አለ። አሥራ አራት ቀን ሆነኝ። ምግብ አስጠላኝ። አስታወከኝ። ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳውን ይዤ ቆምኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም።

ሆስፒታል ነቃሁ። ራጅ ተነሳሁ። ሐኪሙ ወጣት ነበር።

«ሰገራው ደርቆ መውጫውን ዘግቶታል፤ ፌካል ኢምፓክሽን እንለዋለን» አለኝ።

በመቀመጫ በኩል ውኃ አስገብተው የሚያጥቡበት ኢኔማ ተደረገልኝ። አልበቃም። ነርሷ ጓንት አድርጋ በእጇ አወጣችው። ጮኽኩ። አፈርኩ። እሷ ግን «አይዞዎት፣ እናቴ» ከማለት በቀር ፊቷን እንኳ አላጠቆረችም።

በማግስቱ ሐኪሙ አልጋዬ አጠገብ ተቀመጠ። «ይህ ሲጀምርዎት ቤትዎ ውስጥ ምን ተፈጥሮ ነበር?»

«ምንም።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ምንም አልኩዎት እኮ!»

አልተቆጣም። «ሰው ሲፈራ ሰውነቱ ለመሮጥ ይዘጋጃል፤ አንጀቱን ያዘገየዋል» አለኝ። «ፍርሃቱ ወራት ሲቆይ አንጀቱም እንደዚያው ይከርማል። ሲመጣብዎት እየያዙ ሲያሳልፉት ደግሞ ስሜቱ ራሱ እየደከመ ይሄዳል። በዚያ ላይ በየአሥራ አምስት ቀኑ ጠጣሁ ያሉኝ ኮሶ! ዓይንዎን ሊያጠፉት ነበር። የሚያስፈራዎትን እኔ ማወቅ የለብኝም። ግን ለአንድ ለሚያምኑት ሰው ይንገሩ።»

ለማን ልንገር? በዚያ ዘመን ለማን ይነገራል?

ከሰዓት በኋላ እትዬ በለጡ አጥሚት ይዘው መጡ። ከሰው ሁሉ እሳቸው! ገና ከመቀመጣቸው እንባዬ ቀደመኝ። «እትዬ፣ ምን አደረግኩዎት? ስለ ጌቱ ለምን አይተዉኝም?»

ግራ ቀኙን አዩ። ያ ድምፃቸው ሹክሹክታ ሆነ። «አንቺ ሞኝ! ድሬዳዋ እንዳልሄደ ያኔውኑ አውቄያለሁ፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ልጅ ብርድ ልብስ መያዝ ምን ያደርግለታል? እኔ ባልጠይቅሽ ያ ጥበቃ ይጠይቅሽ ነበር። በየጠዋቱ የማስለፈልፍሽ ሰምቶ ሰምቶ እንዲሰለቸው ነው። የኔ ሄደ። ያንቺ እንኳ ይቅር።»

አለቀስኩ። ከዚያ ደግሞ ተናደድኩ። «ታዲያ አይነግሩኝም ነበር? ዘጠኝ ወር አንጀቴን ዘግተውት!»

«ውሸት አትችዪማ! ብነግርሽ ትስቂ ነበር። ስትበሳጪ ነው እውነት የሚመስለው» አሉና አጥሚቱን አቀበሉኝ።

ለመዳን ሦስት ወር ያህል ፈጀብኝ፤ በአንድ ቀን ይለቀኛል ብሎ የሚጠብቅ ካለ ከአሁኑ ተስፋውን ያስተካክል። ኮሶና ጉሎ ተውኩ፤ ጠዋት ለብ ያለ ውኃ እየጠጣሁ፣ ተልባ፣ ቂንጬና ጎመን እያዘወተርኩ፣ ትምህርት ቤት በእግሬ መመላለስ ጀመርኩ። ከቁርስ በኋላ ቢመጣም ባይመጣም ሄጄ አሥር ደቂቃ ያህል ሳላምጥ እቀመጣለሁ፤ ውጪ ያሉት ሲያንኳኩ እትዬ በለጡ «ሰው አለ! ምን ያቻኩላችኋል?» እያሉ ይመልሱልኛል። የምልመላ ዝርዝር ወሬ ሲነሳ ሆዴ ዳግመኛ ይያዝ ነበር፤ ግን ምክንያቱን ስላወቅሁ እንደ በፊቱ አልደነግጥም፤ ከእሳቸው ጋር ጥቂት አውርቼ እመለሳለሁ።

ምክሬም ይኸው ነው። ሲመጣባችሁ አትያዙት፤ ማንም ቢኖር፣ ምንም ቢሉ ሂዱ። የሚያጥብ መድኃኒት በዘፈቀደ አትጠጡ። ደም ካያችሁ፣ ካስታወካችሁ ወይም ሆዳችሁ ከተነፋ ሐኪም ዘንድ ሩጡ። የምትፈሩትንም ለአንድ ሰው ተናገሩ። ዕንባና ፍርሃት ሆድ ውስጥ ሲቀበር ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ እኔን ያየ ይቀጣ።

ሐኪሙንና ያችን ነርስ እግዜር ይስጥልኝ። እትዬ በለጡን ግን በምን ቃል እንደማመሰግን እስከ ዛሬ አላውቅም። ደርግ የወደቀ ጊዜ ጌቱ ከአርሲ ነገሌ መጣ፤ ወፍሮ፣ ጢም አብቅሎ። ግርማ አልመጣም፤ መርዶው ቀድሞ ደርሶ ነበር። ጌቱ ግቢው መሃል ሲቆም ደስታዬን ዋጥኩት። እትዬ በለጡ በጥቁር ልብሳቸው ከቤታቸው ወጡ። አገላብጠው ሳሙት፤ ረጅም ጊዜ አንገቱ ሥር ቆዩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን ያፈዝሻል? ልጅሽ እኮ ነው! እልል በይ እንጂ!»

እኔ አቃተኝ። እልል ያሉት እሳቸው ናቸው።