ጎሹን የገደለው አርጃኖ

ከሚሌኒየሙ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ካዛንቺስ ውስጥ፣ ከኡራኤል ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ አሮጌ ቪላ ውስጥ እሠራ ነበር። ሳሎኑ ቢሮ ነበር፤ ከጓዳው አጠገብ ያለችው ጠባብ መኝታ ቤት ደግሞ ግድግዳዋ ላይ ስፖንጅ ተለጥፎ፣ መስኮቷ በብርድ ልብስ ተደፍኖ ስቱዲዮ ሆናለች። እዚያች ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ስለ እንስሳት የተሠሩ የውጭ ፊልሞችን ወደ አማርኛ እተረጉምና በራሴ ድምፅ አነብ ነበር። ሲዲዎቹ በየሱቁ ይሸጣሉ፤ አንዳንዶቹን ደግሞ ለትምህርት ቤቶች የሚያከፋፍሉ ሰዎች ያሠሩን ነበር።

ሦስት ነበርን። አንዱ የቤቱ ባለቤት ናቸው፤ ጋሼ እንላቸዋለን። በወጣትነታቸው ጋምቤላ በውትድርና ያገለገሉ፣ ድምፃቸው ጎርናና፣ ሲቆጡም ሲስቁም ያው የሆኑ ሰው። ሌላዋ ጓደኛዬ ናት። ድምፅ የምትቀርጸውና የምታቀናብረው እሷ ነበረች። ቂርቆስ አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደግነው፤ ትምህርት ቤትም አንድ ዴስክ ላይ። አባቴ የሞተ ሰሞን፣ ለቀስተኛው እየተመናመነ ሲሄድ፣ እሷ ግን ልብሷን በፌስታል ይዛ መጥታ ፍራሽ ላይ ከጎኔ እየተኛች ከረመች። ጋሼ የኮምፒውተር ሰው ሲፈልጉ «አንድ የማምናት ልጅ አለች» ያልኳቸው እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ጋሼ አዲስ ፊልም ይዘው መጡ። በሩቅ ምሥራቅ ደሴቶች ላይ ስለሚኖር ግዙፍ ተሳቢ እንስሳ ነው። እንግሊዝኛው «ድራጎን» ስለሚለው ጋሼ ወዲያው ዘንዶ ብለው ሰየሙት። እኔ አልተዋጠልኝም። በእኛ አገር ዘንዶ ሲባል ሰው የሚያስበው ተጠምጥሞ የሚያንቀውን ትልቅ እባብ ነው፤ ካልሆነም በሥዕል ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በጦር የሚወጋውን። ይሄ ግን አራት እግር አለው፤ ዘሩ በየወንዛችን ዳር የሚኖረው፣ ትልቅ እንሽላሊት የሚመስለው የአርጃኖ ዘር ነው፤ መጠኑ ብቻ ነው የገዘፈው። ይህንኑ ለጋሼ ነገርኳቸው።

«አርጃኖ?» አሉ መነጽራቸውን እያወለቁ። «አርጃኖን እኔ ባሮ ዳር አውቀዋለሁ። የእንቁላል ሌባ ነው። ድንጋይ ስታነሺ ውሃ ውስጥ ይገባል። አሁን አንቺ፣ አርጃኖ ጎሽ ገደለ ብለሽ ለሕዝብ ልታነቢ ነው?»

«ጋሼ፣ ይሄኛው ከሰው ይረዝማል።»

«ይርዘም። አዞ በይኝ፣ እሺ። አዞ የበሬ አፍንጫ ይዞ ሲያሰምጥ በዓይኔ አይቻለሁ። እሱን ግን ውሃው ያግዘዋል። ይሄ በደረቅ መሬት ያንን የሚያህል ጎሽ ምን ያደርገዋል? አንድ ርግጫ ነው እኮ የሚበቃው።»

ጓደኛዬ ሳቀችና ፊልሙን ከፈተችላቸው። ሦስታችንም ትንሿን ስክሪን ከብበን አየን። አርጃኖው ቀስ ብሎ ከኋላ ይመጣና የጎሹን የኋላ እግር ነክሶ ይለቃል። ጎሹ ይራገጣል፣ ይሮጣል፣ ያመልጣል። ጋሼ «አላልኩም?» አሉ። ከዚያ ግን ጎሹ ማነከስ ይጀምራል። ውሃ ፍለጋ ወደ ጭቃው ይወርዳል፤ ደሙ አይቆምም። ሌሎች አርጃኖዎች ይመጡና ሳይነኩት ዙሪያውን ይተኛሉ። ፀሐይ ትወጣለች፣ ትጠልቃለች፣ እንደገና ትወጣለች። በመጨረሻ ጎሹ ተንበርክኮ ጭንቅላቱን ቀና ለማድረግ ሲሞክር ይታያል፤ እነሱ ያኔ ነው የሚነሱት።

«ምስኪን» አሉ ጋሼ። «እሺ፣ አርጃኖ በይው። ሽፋኑ ላይ ግን ዘንዶ ነው የሚጻፈው። አርጃኖ ብለን ማንም አይገዛንም።» ተስማማን።

ሥራው ብዙ ቀን ወሰደ፤ ያንን ጎሽ ስንቴ ሲሞት እንዳየሁት አላውቅም። ችግሩ የመጣው አሟሟቱ ላይ ነው። የፊልሙ ተራኪ ጎሹን የሚገድለው በአርጃኖው አፍ ውስጥ ያለው ቆሻሻ ነው፣ ቁስሉን የሚመርዘው ጀርሙ ነው ይላል። እኔ ደግሞ ትርጉሙ እንዳይሳሳት ብዬ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ሳነብ፣ በኋላ የወጡ ጽሑፎች ሌላ ነገር እንደሚሉ አገኘሁ። አርጃኖው ከታችኛው መንጋጋው የሚወጣ መርዝ አለው፤ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ። የአፉ ቆሻሻ ነገር ብዙም አያሳምንም ባይ ተመራማሪዎች አሉ። በማግስቱ ለጓደኛዬ ነገርኳት።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ጨምሪበት።»

«ጋሼን ላማክራቸው?»

«ጋሼን ከጠየቅሽማ በቃ፣ ሌላ ሳምንት ሊያከራክሩን ነው። ልጆች ናቸው የሚያዩት፣ ስህተት ልታስተምሪያቸው ነው? አንብቢው፤ እኔ አለሁ።»

አነበብኩት። «ጎሹን የሚጥለው የአውሬው አፍ ቆሻሻ አይደለም፤ ከመንጋጋው የሚፈልቅ መርዝ ደሙን እንዳይረጋ ያደርገዋል። ቀሪውን ጊዜ ይጨርሰዋል።» ከኮምፒውተሯ ጀርባ ኤርፎኗን እንዳደረገች እጇን አወዛወዘችልኝ። «ድገሚው፤ 'መርዝ' ላይ ጠንከር በይ» አለች። ደገምኩት። አውራ ጣቷን አሳየችኝ።

ትርጉሙን ያሠሩን፣ ለትምህርት ቤቶች የሚያከፋፍሉት ሰዎች አዩትና መለሱት። ከመካከላቸው አንዱ እንግሊዝኛውንና አማርኛውን አስተያይቶ፣ ዋናው ላይ የሌለ ነገር ገብቷል፣ ማን ፈቅዶ ነው ብሎ ጋሼን ሰው ፊት ተናግሯቸዋል። ጋሼ ፊታቸው ጠቁሮ ተመለሱ። ሁለታችንንም ሳሎን ጠሩን።

«ማን ነው ይህን የጨመረው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ» አልኩ። «እውነት ስለሆነ ነው። ደግሞ ተነጋግረንበት ነው።» ወደ ጓደኛዬ ዞርኩ። ቀሪውን እሷ የምትናገር መስሎኝ ነበር።

የማይክሮፎን ገመድ እጇ ላይ እየጠቀለለች ነበር። ቀና አላለችም። «እኔ የድምፁን ከፍና ዝቅ ነው የማየው ጋሼ። ምን እንደሚነበብ አልከታተልም።»

መጀመሪያ ያልሰማኋት መሰለኝ። «ድገሚው አላልሽኝም እንዴ?»

«ድምፅሽ ሳስቶ ይሆናላ።»

ጋሼ እሷንም እኔንም ተራ በተራ አዩን። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ ሳይቆጡ፣ «ለጊዜው ትንሽ እረፊ፤ እደውልልሻለሁ» አሉኝ። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። እስከ ታክሲ መያዣው ድረስ ያለውን መንገድ ቀስ ብዬ ሄድኩት፤ ከኋላዬ ትመጣለች ብዬ ነበር። መጥታ «ጨንቆኝ ነው» ብትለኝ እዚያው መንገድ ላይ ይቅር እላት ነበር። አልመጣችም።

ጋሼ አልደወሉም። እሷም አልደወለችም። እኔ ሁለቴ ደወልኩላት፤ አላነሳችም። ሰፈር ውስጥ እንገናኛለን እንዳልል፣ እሷ ቀድሞውኑ ከእህቷ ጋር ወሎ ሰፈር ተከራይታ ወጥታ ነበር። ሥራ ማጣቱ ያን ያህል አልጎዳኝም፤ ሁለት ወር ሳይሞላ አንድ ቢሮ ውስጥ የጽሑፍ ትርጉም ሥራ አገኘሁ። የጎዳኝ ሌላ ነው። ነገሩን ለማን እነግረዋለሁ ብዬ ሳስብ፣ እንዲህ ያለ ነገር የምነግራት እሷው መሆኗ ነው።

ወራት አለፉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ለገሃር ታክሲ ልይዝ ስሄድ፣ ሲዲ የሚሸጥበት ሱቅ በር ላይ የተሰቀለ ቴሌቪዥን አርጃኖውን ሲያሳይ አየሁ። ቆምኩ። የሚያወራው አማርኛ የእኔ ነው፤ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር አውቀዋለሁ፤ የትኛው ቃል ላይ እንደተቸገርኩ እንኳ አስታውሳለሁ። ድምፁ ግን የእሷ ነው። የኔን ድምፅ አጥፍተው፣ እሷ ከላይ አንብባዋለች። ያም ሆኖ፣ ያለ ፈቃድ የጨመርኩትን አውጥተውት ይሆናል ብዬ ጎሹ እስኪነከስ ጠበቅሁ። ጎሹ ተነከሰ፣ አነከሰ፣ ጭቃው ውስጥ ገባ። «ጎሹን የሚጥለው የአውሬው አፍ ቆሻሻ አይደለም» አለች ጓደኛዬ፣ ረጋ ብላ። አንድ ቃል አልቀየረችም። መርዝ ላይም ጠንከር ብላለች።

ባለሱቁ «ሲዲውን ልስጥሽ?» አለኝ። አልፈልግም ብዬ ሄድኩ።

ለእህቷ ደወልኩና ላገኛት እንደምፈልግ ንገሪልኝ አልኳት። በዚያው ሳምንት ወሎ ሰፈር አንድ ካፌ ውስጥ ተገናኘን። ማኪያቶ አዘዘች፤ እኔ ምንም አልፈለግሁም። ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ። «ሲዲውን አየሁት» አልኳት።

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ጋሼ አንቺ በወጣሽ በሳምንቱ አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ጠየቁ። ትክክል ነው፣ ይግባ አላቸው። ሰዎቹም ተቀበሉት።»

«ታዲያ ለምን አልጠሩኝም?»

«ሊጠሩሽ ፈልገው ነበር። እኔ... ማለቴ፣ እኔ ማንበብ ጀምሬ ነበር።»

«ምን አልሻቸው?»

ወደ መንገዱ አየች። «ሌላ ሥራ ይዛለች አልኳቸው።»

«ያኔ ገና አልያዝኩም ነበር።»

«አውቃለሁ።» ከዚያ፣ እኔን ለማጽናናት ይመስል፣ «ግን እኮ ዓረፍተ ነገርሽ አልወጣም። እንዲቆይ የተከራከርኩት እኔ ነኝ» አለች።

ይህን ስትል ከልቧ ነበር። ለእኔ የዋለችልኝ ውለታ አድርጋ ነው የምታየው። ልሰድባት ያሰብኩት ሁሉ ጠፋብኝ። «ያኔ ሳሎን ውስጥ ብትከራከሪልኝ ይሻለኝ ነበር» አልኳት።

«ሁለታችንንም ነበር የሚያባርሩን።»

«አብረን ነበራ የምንወጣው።»

ማኪያቶዋ በረደ። ተነስቼ ስወጣ ይቅርታ የምትል መስሎኝ በሩ ላይ ዘገየሁ፤ አስተናጋጁን ሂሳብ ስትጠይቅ ብቻ ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ፤ የዝሆኑንም፣ የዓሣ ነባሪውንም ፊልም የምታነበው እሷ ሆነች፤ ጥሩ ታነባለች። አንድ ጊዜ ካዛንቺስ ታክሲ ሰልፍ ላይ ተያይተን ሰላም ተባብለናል፤ ስለ እናቴ ጠየቀችኝ፣ ደህና ናት አልኳት። እናቴ በየበዓሉ «ያቺ ልጅ ምነው ጠፋች?» ትላለች። ሥራ በዝቶባት ነው እላታለሁ። እናቴም ታምነኛለች፤ ለእሷም ድርሻዋን በሳህን ከድና ታስቀምጣለች፤ እኔ በማግስቱ እበላዋለሁ።